እጇን የከለከለችው ልጅ

«እኔ ‹ትኩስ!› ስል ባለሽበት ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ትኩስ ካላልኩ ግን እንደ ልብሽ ሩጪ። እናትሽ ነኝ፤ ሳልነግርሽ ትኩስ ይዤ አልመጣብሽም።»

ይህን ያለቻት እናቷ ናት። ያኔ ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነበር። የእናት ቃል ነውና ልቧ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

አሁን ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስም አላት፤ ግን በስሟ የሚጠራት የለም። ቀጭን ናት፤ ከወዲህ ወዲያ ስትሾር ስለምትውል ሁሉም ሰው «እንዝርት» ይላታል። ቤቷ ከአንድ ትልቅ ላውንደሪ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አልጋው አንድ ነው፤ ከእናቷ ጋር ተቃቅፈው ይተኛሉ። አባቷ እሷ ሳትወለድ ነው የሞተው። አያት የለ፣ አክስት የለ። ለእንዝርት በዓለም ላይ ያለቻት ሰው እናቷ ብቻ ናት።

ልጆች፣ ላውንደሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ያልገባችሁ እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና አስቡት። አንድ ረጅም አዳራሽ አለ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ተንጠልጥሏል። አንሶላው ወለሉን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከወዲያ ያለ ሰው ከወዲህ ያለውን አያይም፤ የሚታየው እግር ብቻ ነው። በአንደኛው ጥግ የከሰል ምድጃ አለ፤ ካውያው እዚያ ይግላል። በሌላኛው ጥግ ደግሞ ልብስ የሚተኮስባቸው ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ተኳሾቹ ካውያቸውን ከምድጃው ያነሡና በአንሶላው መካከል አልፈው ወደ ጠረጴዛቸው ይወስዱታል።

ታዲያ የጋለ ብረት ይዞ በማይታይ መንገድ መሄድ አያስፈራም? ያስፈራል እንጂ! ለዚህ ነው ያ ቤት ሕግ ያለው። ካውያ ያነሣች ሴት ጠረጴዛዋ እስክትደርስ ድረስ «ትኩስ! ትኩስ! ትኩስ!» እያለች ትሄዳለች። የሰማ ሁሉ ባለበት ይቆማል። አሠሪዋም ብትሆን ትቆማለች። ሌላም ሕግ አለ፤ አፉ የሞላ ሰው ካውያ አያነሣም። አፍ በምን ይሞላል አትሉም? በመቆንጠጫ! የላውንደሪ ሴቶች ሁለት እጃቸው በልብስ ሲያዝ የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሳቸው ይይዙታል። ኪስ እያላቸው በጥርሳቸው! እዚያ የምትሠራ ወፈር ያለች ቀልደኛ ሴት አለች፤ እትዬ ሳቂታ ይሏታል። «የእኔ ጥርስ ለምግብ መች ተፈጠረና!» ትላለች። «ይኸው ዕድሜ ልኩን እንጨት ሲያላምጥ።»

እንዝርት ያደገችው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው። «ትኩስ!» የሚል ድምፅ ከሰማች ሮጣ ሳትጨርስ፣ አንድ እግሯን አንጠልጥላ ትቆማለች። ሴቶቹ በሳቅ ይሞታሉ። «ሐውልት! ሐውልት!» ይሏታል። ካውያው ሲያልፍ ሐውልቱ ነፍስ ይዘራና ይሮጣል። አንድ ቀን እንኳ ነክቷት አያውቅም።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ብዙ እንግዳ መጣበትና «አንሶላ ቶሎ አምጡ» ብሎ ላከ። ቤቱ ተተራመሰ። ያቺ ልብስ ትጎትታለች፣ ይቺ ውሃ ታርከፈክፋለች፣ ያቺ ከሰል ታራግባለች። እንዝርት ያን ሰዓት ከትምህርት ቤት መጣች። ያን ቀን ማንም ያልመለሰውን የማባዛት ጥያቄ እሷ ብቻዋን መልሳ ክፍሉ በሙሉ አጨብጭቦላት ነበር። ለእናቷ ካልነገረች ልትፈነዳ ነው!

«እማ! እማዬ! ስሚኝማ!»

አንሶላዎቹ ጋ ስትደርስ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ትኩስ የሚል የለም። ስለዚህ ሮጠች። አንዱን አንሶላ ገለጠች፤ ሁለተኛውን ገለጠች። የመጨረሻውን ልትገልጥ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

ከአንሶላው ወዲያ እናቷ ነበረች። ካውያ ይዛለች። አፏ መቆንጠጫ ሞልቷል።

ስለ ጩኸቱ ለእናንተ መናገር አያስፈልግም። ካውያው ወለሉ ላይ ወደቀ። መቆንጠጫዎቹም ከእናትየው አፍ ተበተኑ። ያኔ ነው አፏ የተከፈተው። «ትኩስ» አለች፤ ድምፅዋ ተቆራርጦ። «ትኩስ… ትኩስ…»

የእንዝርት መዳፍ ግን ተቃጥሎ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ብዙ ተመላለሱ። ሲታጠብ፣ በፋሻ ሲታሰር፣ ሲፈታ ቆይቶ ቁስሉ ዳነ። የመጨረሻውን ፋሻ የፈታችው ነርስ መዳፏን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው።

«ቁስሉ ደህና ነው» አለች። «ዋናው ሥራ ግን አሁን ነው የሚጀመረው። የተቃጠለ ቆዳ ሲድን ይሸበሸባል፤ ጣትን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ጠዋትና ማታ ቫዝሊን ቀብተሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀስ እያልሽ ትዘረጊያለሽ። ያማታል። ብታለቅስም አትተዪ። ከተውሽው እጇ ተጨብጦ ይቀራል፤ በኋላ እኔም አልከፍተውም።»

«እሺ፣ የኔ እህት» አለች እናት።

እንዝርትም እዚያው ቆማ ሰምታለች። ይህን ልብ በሉ፤ ሰምታለች።

ቤት ሲገቡ እናቷ እጇን ታጥባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቫዝሊኑን ከፈተች።

«ነይ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አትንኪኝ።»

«ትንሽ ብቻ። ቀስ ነው የማደርገው።»

«አላልሽም!»

«ምኑን?»

«ትኩስ አላልሽም! ሳልነግርሽ አልመጣብሽም ብለሽኝ አልነበር?»

እናቷ ፊቷ ዓመድ መሰለ። «አጠፋሁ፣ ልጄ። በጥድፊያ ነው፤ መቆንጠጫውን ነክሼ እንደነበር ረሳሁት። ይቅር በይኝ።»

እንዝርት ግን ቀኝ እጇን አነሣችና መዳፏን እናቷ ፊት ዘረጋችው። ቀይ፣ የተኮማተረ መዳፍ። እናቷ በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቫዝሊኑን መልሳ ከደነችው።

ልጆች፣ ክፉው ነገር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ካውያው ያቃጠለው አንድ ጊዜ ነበር። እንዝርት ግን ያን ቀን አንድ ነገር አወቀች፤ እጇን ካሳየች እናቷ ትሸነፋለች።

«ሳህኑን አለቅልቂልኝ» ስትባል እጇን ታሳያለች። «ሱቅ ደርሰሽ ሳሙና ግዢ» ስትባል እጇን ታሳያለች። እናቷ ለራሷ ያስቀመጠችውን ዳቦ ስታይ እጇን ታሳያለች፤ ዳቦውም ወደ እሷ ይመጣል። ቫዝሊኑ ብቅ ሲል ደግሞ መዳፏን ፊት ለፊት ትደቅናለች። እናቷ በየቀኑ ትለምናለች። በየቀኑም አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች።

ደስ ይላት ነበር? እውነቱን እንነጋገር፤ አዎ፣ ለጥቂት ጊዜ ደስ ይላት ነበር። እናቷ አንገቷን ስትደፋ «እሰይ! ይመማት!» ትላለች በሆዷ። ወዲያው ግን ያው ሆዷ ድንጋይ እንደዋጠ ይከብዳታል። ምግቡ አፈር አፈር አላት። ትምህርት ቤት ከሰው ሁሉ ተጣላች። ቅልልቦሽ የሚያህል የምትወደው ጨዋታ አልነበረም፤ አምስቱን ጠጠር አንሥታ አጥሩን አሻግራ ወረወረቻቸው። አልጋው ላይም ለእናቷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ መተኛት ጀመረች። በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስተኛ ክፍት ቦታ ቀረ።

እናትየውስ? እናትየው ሌላ ሰው ሆነች። «ትኩስ» ማለት አልተው አላት። ካውያ ስታነሣ ትላለች፤ ይህ ደግ። ካውያውን አስቀምጣ ስትመለስም ትላለች። አንድ ቀን በቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ይዛ «ትኩስ፣ ትኩስ» እያለች ስታልፍ እትዬ ሳቂታ አየቻት።

«ወይ ጉድ! ውሃውም ማቃጠል ጀመረ?» አለች እትዬ ሳቂታ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

እናት አልሳቀችም። ብርጭቆውን አስቀምጣ የታጠፈ የትራስ ልብስ አነሣች። «ትኩስ… ትኩስ…» እያለች ሄደች። እትዬ ሳቂታ መሳቅ ተወች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባዶ እጇን ስትሄድ ማለቷ ነው።

እትዬ ሳቂታ እንዝርትን ከምድጃው አጠገብ ጠርታ አስቆመቻት። «ስሚ እንጂ አንቺ ቀጭን። እናትሽን ተያት። ልቧ እየሄደ ነው።»

«የእኔስ እጅ?»

«እሱንማ ማን ይክዳል፣ ልጄ!» አለች እትዬ ሳቂታ።  ቀልደኛዋ ሴት ቀልድ አጣች።

እሑድ እንዝርት ሰንበት ትምህርት ቤት ሄደች። መጨረሻ ላይ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ቆመው ጌታ ያስተማረውን ጸሎት ማድረስ ጀመሩ። እሷም አብራ ትላለች። የበደሉንን ይቅር እንደምንል እኛንም ይቅር እንዲለን የምንለምንበት ቦታ ሲደርሱ ግን አፏ ተዘጋ። ሌሎቹ ያን ቦታ እስኪያልፉ ጠበቀችና ቀጠለች። ማንም የነቃባት አልመሰላትም። አስተማሪዋ ግን አይታለች። ልጆቹ ሲበተኑ አስቀረቻት።

«እዚያ ቦታ ላይ ዝም ትያለሽ። ለምንድነው?»

እንዝርት እጇን አሳየቻት። አስተማሪዋ ግን አንገቷን አልደፋችም። የተኮማተረውን መዳፍ ደህና አድርጋ አየችው።

«በጣም አሞሻል» አለች። «እናትሽ ይቅርታ አልጠየቀችሽም?»

«ጠይቃኛለች። በየቀኑ ትጠይቀኛለች።»

«አንቺስ?»

«አይበቃኝም።»

«ምን ብታደርግ ይበቃሻል?»

እንዝርት አሰበች። ማልቀስ? አልቅሳለች። መራብ? ዳቦዋን ሁሉ ሰጥታታለች። 

አስተማሪዋ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ይቅር በያት ስልሽ አልተቃጠልኩም በዪ ማለቴ አይደለም። ተቃጥለሻል፤ እግዚአብሔርም ያያል። ግን በእሷ ላይ የያዝሽው ነገር መጀመሪያ የሚጎዳው አንቺን ነው። በአንድ ቀን ካቃተሽ ዛሬ ትንሽ ሞክሪ፣ ነገም ትንሽ። ጸልዪበት።»

እንዝርት «እሺ» አለች። ከደጁ ሳትወጣ ግን ረሳችው። ልረሳው ብላ ነው የረሳችው።

በማግስቱ ከሰዓት እንዝርት አዳራሹ ጥግ ተቀምጣ ሳለች እናቷ ከሥራዋ መሀል ተነሥታ ቫዝሊኑን ይዛ መጣች። ጠዋት ስለተከለከለች፣ በሰው ፊት ምናልባት እሺ ትል ይሆናል ብላ ነው። ሴቶቹ ሁሉ አሉ፤ አሠሪዋም አለች።

«ዛሬ አንዷን ጣት ብቻ፣ የኔ እመቤት። አንዷን ብቻ።»

እንዝርት ተነሥታ ቆመች። አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸች። «አንቺ እናቴ አይደለሽም! እናት ልጇን አታቃጥልም!»

ውሃ የምታርከፈክፈዋ ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። ከሰል የምታራግበዋ ማራገብ አቆመች። ማንም «ትኩስ» ሳይል ሁሉም ባለበት ቆመ።

እናቷ ቫዝሊኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ሽርጧን ፈታች። ከዚያ አሠሪዋ ጋ ሄዳ ቀስ ብላ አንድ ነገር ነገረቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ካውያ አልያዘችም። ጓሮ ካለው ማጠቢያ ገንዳ ሄደች፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እጇን ነክራ ከጠዋት እስከ ማታ አንሶላ ታሻለች። «ትኩስ» ማለቷንም ተወች። ሌላ ነገር ማለቷንም ተወች። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብስ ታጥባለች፤ ድምፅ ግን የላትም። ቫዝሊኑ ወደ ቤት ተመልሶ መደርደሪያ ላይ እንደተከደነ ተቀመጠ። «ነይ» የሚላት ጠፋ።

እንዝርት የፈለገችውን አገኘች። እጇን የሚነካት የለም።

ግን ደስ አላላትም። እጇን ብታሳይ የሚያይላት የለም። እጁም በዝምታው ውስጥ ቀስ በቀስ ተጨበጠ። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ወደ መዳፉ ታጠፈች። ቀጥላ ያጠገቧ። ሌሎቹም መጉበጥ ጀመሩ። እንዝርት በግራ እጇ ልትዘረጋቸው ሞከረች፤ አልቻለችም። ፈራች። «እማ፣ ነይልኝ» ማለት ፈለገች። ግን ኩራት አለ አይደል? ኩራት አፏን ያዘው። ማታ ማታ እግዚአብሔርን ጣቶቼን ክፈትልኝ ትለዋለች። የሚከፍታቸው ሰው አጠገቧ ተኝቷል፤ እሷን ግን አትጠራትም።

ነርሷ የቀጠረችው ቀን ደረሰና ሁለቱም ሄዱ። በመንገድ አልተነጋገሩም። ነርሷ እጁን ስታይ ፊቷ ተቀያየረ። ሁለቱን ጣቶች ልትዘረጋ ሞከረች፤ እንዝርት ጮኸች፤ ጣቶቹ አልተነቃነቁም።

«ማነው ይህን እጅ ሲያሽ የነበረው?»

እናትና ልጅ ወለሉን አዩ።

«እኮ ማነው?» ነርሷ ወደ እናት ዞረች። «ነግሬሽ አልነበር? ብታለቅስም አትተዪ አላልኩሽም?»

እንዝርት የእናቷን ፊት አየች። አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። «አላስነካ ያለችኝ ራሷ ናት፣ በሰው ፊት አዋረደችኝ» ትላለች። ደግሞስ ውሸት ነው?

እናት ከብዙ ቀን በኋላ ድምፅ አወጣች። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለች። «የእኔ ጥፋት ነው።»

«ሥራ! ሥራ ከልጅ ይበልጣል? አንቺ እናት አይደለሽም እንዴ?»

እናት አንገቷን ደፋች። ያንን ቃል ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። ከማን እንደሰማችውም እንዝርት ታውቃለች።

በዚያች ሰዓት «እኔ ነኝ!» ማለት ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን አላለችም። ያን ቀን የእናቷን አፍ የሞላው መቆንጠጫ ነበር፤ የእንዝርትን አፍ የሞላው ምን ነበር? እናንተው ንገሩኝ።

«ሦስቱ ጣቶች ከታሹ ይመለሳሉ» አለች ነርሷ በመጨረሻ። ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «ሁለቱ ግን እንዲሁ ይቀራሉ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ እናት ፊት ፊት፣ እንዝርት ኋላ ኋላ ሄዱ። እናቷ መንገድ ስትሻገር እንደ ልማዷ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ ልጇ እንድትይዛት። ከዚያ አስታወሰችና እጇን ሰበሰበች። እንዝርት ያቺን የተሰበሰበች እጅ አየች። ስለ ራሷ እጅ ብቻ ስታስብ ከርማለች። እናቷም እጅ እንዳላት ዛሬ ገና ያየች መሰላት።

እናት ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች። እንዝርት ትንሽ ቆማ ተከተለቻት። የገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመች። 

«እማ።»

እናት አንሶላውን ማሸት አላቆመችም።

«እማ፣ ለምን ዋሸሻት?»

«ማንን?»

«ነርሷን። አላስነካም ያልኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ።»

«አውቄ ነው! እጄን ሳሳይሽ እንደሚያምሽ አውቄ ነው የማሳይሽ። እንዲያምሽ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ» አለች እናት።

«ታውቂ ነበር?»

«እናት አይደለሁ…» አለች። ቃሉን ራሷ ፈርታው አልጨረሰችውም።

ያኔ እንዝርት ፈነዳች። የቆመችበት እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «እናቴ ነሽ! ይቅር በይኝ፤ እናቴ ነሽ!» እናትም አንሶላውን ውሃው ውስጥ ትታ አጠገቧ ተቀመጠች። ልትነካት ግን አልደፈረችም፤ እርጥብ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

«አንቺንም ይቅር ልልሽ እፈልጋለሁ» አለች እንዝርት ንፍጧን እየሳበች። «ግን አሁንም እናደዳለሁ። እጄን ሳየው እናደዳለሁ።»

«ልክ ነሽ። ያናድዳል።»

«እየተናደዱ ይቅር ማለት ይቻላል?»

እናት ብዙ ያልተማረች ሴት ናት፤ የማታውቀውን አውቃለሁ አትልም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች። «እስቲ እንሞክረው።»

እንዝርት የተጨበጠውን እጇን ዘረጋች፤ ለማሳየት ሳይሆን ለመስጠት። እናት ሁለት እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀችና ተቀበለቻት። ቫዝሊኑን ከመደርደሪያው አምጥታ መጀመሪያ አውራ ጣቷን፣ ቀጥላ ሌሎቹን አሸች። አመማት። በጣም አመማት። ሁለቱ ጣቶች ጋ ስትደርስ እናት እጅግ ቀስ ብላ ሞከረች፤ አልተከፈቱም። ሁለቱም አዩአቸው። ያ ሁሉ ቀን ቫዝሊኑ መደርደሪያ ላይ ባይቀመጥ ኖሮ ይከፈቱ ነበር። እንዝርት ይህን አወቀች። ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር ወዲያው ተስተካከለ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ይሆንብኛል። በማግስቱ ጠዋት እንዝርት ስትነሣ ንዴቱ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ጥርሷን ነክሳ «ይቅር ብዬሻለሁ» አለችና እጇን ሰጠች። በሚቀጥለው ቀንም አለች። አንዳንዴ ከልቧ ነው፤ አንዳንዴ እንደ መራራ መድኃኒት ዓይኗን ጨፍና ነው። አንዳንድ እሑድ ያቺን የጸሎት ቦታ በዝቅተኛ ድምፅ ትላታለች፤ አንዳንድ እሑድ መሀል ላይ ድምፅዋ ይጠፋል። እግዚአብሔር ግን የጀመረ ሰው አይንቅም። ቀስ በቀስ ሆዷ ውስጥ ያለው ድንጋይ ቀለለ። ዳቦው ዳቦ ዳቦ አላት። አልጋው ላይ ያለው ክፍት ቦታም ጠበበ። እናትም መናገር ጀመረች፤ እንደ ድሮው ባይሆንም፣ ትናገራለች። ሦስቱ ጣቶች ተከፈቱ። ሁለቱ እንደታጠፉ ናቸው፤ እስከ ዛሬም እንደታጠፉ ናቸው።

ልጆች፣ የበደላችሁን ሰው ይቅር ማለት መጀመሪያ የሚያድነው የራሳችሁን ቁስል ነውና፣ ነገ ሳትሉ ዛሬ ጀምሩ፤ ባይወጣላችሁም በየቀኑ ድገሙት።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ማሸቱ ሲያልቅ እናት ቫዝሊኑን ልትከድን አነሣች። እንዝርት ያዘችባት። የእናቷን፣ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ተሰነጣጥቆ የደማ እጅ ወደ ጉልበቷ ሳበችና፣ በሚዘረጉት ሦስት ጣቶቿ ትንሽ ጨልፋ፣ ስንጥቁን እየተከተለች ቀባችላት።